የብርጭቆው ሳህንና የጎጃም ቀይ አፈር፤ በአፈር ተሕዋስያን ምርምር ላይ የቀረበ ትችት

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በግብርናና በሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍሎች ውስጥ ስለ አፈር ተሕዋስያን የሚጻፈው ጽሑፍ እየበዛ ሄዷል። ከፍኖተ ሰላም፥ ከቡሬ፥ ከደምበጫ ወይም ከአዴት ዙሪያ አፈር ተቆፍሮ በከረጢት ይመጣል፤ በቤተ ሙከራ በውሃ ይበጠበጣል፤ በብርጭቆ ሳህን ላይ ይዘራል፤ ከበቀሉትም ባክቴሪያዎች መካከል ፎስፈረስ የሚያሟሙ፥ ናይትሮጅን የሚይዙ ወይም ሥር የሚያሳድጉ ተብለው ጥቂቶቹ ይመረጣሉ። የጽሑፎቹ መደምደሚያ ከሞላ ጎደል አንድ ዐይነት ነው፤ ይኸውም የተመረጡት ተሕዋስያን ወደፊት የፋብሪካ ማዳበሪያን ሊተኩ ወይም ሊያግዙ ይችላሉ የሚል ነው። ሳህኑ ላይ የታየው ነገር በማሳው ላይ ይሁን አይሁን ሳይጠየቅ ጽሑፉ ያበቃል።

ስለ ተሕዋስያኑ ጥቅም የሚጠራጠር ሰው አይገኝም፤ እኛም አንጠራጠርም። ጥርጣሬያችን የሚነሣው ከሳህኑ ወደ ማሳው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲዘለል ስናይ ነው። ጉዳዩ የተማሪዎች ክርክር ብቻ ሆኖ የሚቀር ቢሆን ዝም ብንል ባላስነቀፈን ነበር። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ በናረ ጊዜ፥ በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይም በአማራ ክልል ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው አቤቱታውን ለማሰማት አደባባይ በወጣ ጊዜ፥ ብዙ ሰው ዐይኑን ወደዚህ ምርምር አዞረ። ለማሳው ዩሪያ ያጣ ገበሬ በከረጢት የታሸገ ዱቄት ሲቀርብለት አምኖ ይቀበላል። ዱቄቱ ካልሠራ የሚጎድልበት የቤተ ሰቡ የዓመት ቀለብ ነው፤ ለሁለተኛ ጊዜ የግብርና ባለሙያ ሲመጣም የሚሰማው በግማሽ ጆሮው ነው።

የነገሩ መነሻ አዲስ አይደለም። ጀርመናውያኑ ሄልሪገልና ቪልፋርት የጥራጥሬ ተክሎች ከአየር ናይትሮጅን የሚያገኙት በሥራቸው ላይ በሚወጡት ትንንሽ ዕባጮች አማካይነት መሆኑን በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አስረዱ። የሆላንዱ ተወላጅ ቤይሪንክ በ1888 ባክቴሪያውን ለይቶ አሳደገ፤ በ1896 ኖቤና ሂልትነር የተባሉ ሊቃውንት ናይትራጅን በሚል ስም ለገበያ የሚሆን ዝግጅት አወጡ። በሥር ላይ የሚኖረውን ጠቃሚ ፈንገስ ማይኮራይዛ ብሎ የሰየመውም ፍራንክ የተባለው ጀርመናዊ ሲሆን ዘመኑ 1885 ነበር። ይህን የምናነሣው ብዙው ተማሪ ጽሑፉን አዲስ ተስፋ እያለ ስለሚጀምር ነው። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ተስፋ የት የት እንደ ሠራና የት የት እንዳልሠራ መጠየቅ ስለ አዲስነቱ ከማውራት ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ፎስፈረስን እናንሣ፤ የተማሪው ጽሑፍ በብዛት የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነውና። የተለመደው ዘዴ በ1948 (እ.ኤ.አ.) ፒኮቭስካያ ባወጣችው ምግብ ላይ ባክቴሪያውን ማሳደግ ነው። በምግቡ ውስጥ ነጭ የካልሲየም ፎስፌት ዱቄት ስለሚገባ ሳህኑ እንደ ወተት ይደፈርሳል፤ ባክቴሪያው ፎስፌቱን ሲያሟማ በዙሪያው ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። ቀለበቱ በማስመሪያ ይለካል፤ ሰፊውን ቀለበት ያወጣው ባክቴሪያ ይመረጣል። ሥራው ያምራል፤ ፎቶግራፉም ያምራል። ነገር ግን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ቀይ አሲዳም አፈር ውስጥ ፎስፈረስን ይበልጡን አስረው የያዙት ብረትና አሉሚኒየም ናቸው። ካልሲየም ፎስፌት ጥቂት አሲድ ሲነካው ይሟሟል፤ ባክቴሪያውም ስኳር በልቶ አሲድ ስለሚያወጣ ቀለበቱን ማሳየት አያቅተውም። ብረቱና አሉሚኒየሙ ግን ፎስፈረሱን የያዙት አፈሩ አሲዳም ሆኖ ሳለ ነው፤ ተጨማሪ አሲድ ቢፈስስባቸው አይለቁትም። እነርሱን ለማስለቀቅ እንደ ሲትሬትና ኦክሳሌት ያለ፥ ብረቱን ራሱን እንደ መንጠቆ የሚይዝ ነገር በብዛት ያስፈልጋል። ስለዚህ በሳህኑ ላይ አንደኛ የወጣው ባክቴሪያ በቡሬ ማሳ ላይ ምንም ላይሠራ ይችላል።

ይህ ነቀፌታ የእኛ ብቻ አይደለም። ካልሲየም ፎስፌት ብቻውን መፈተኛ ሊሆን እንደማይገባው በውጭ ሀገር ያሉ የዘርፉ ሊቃውንት በተደጋጋሚ ጽፈዋል፤ የብረትና የአሉሚኒየም ፎስፌትም በሳህኑ ላይ እንዲሞከር መክረዋል። የሚያስገርመን በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ላይ የአፈሩን ፒኤች 5 ወይም ከዚያ በታች ብሎ የመዘገበ ተማሪ በሁለተኛው ሠንጠረዥ ላይ ለኖራማ አፈር የሚስማማውን ፈተና መምረጡ ነው። ሁለቱ ሠንጠረዦች በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይተዋወቁም።

ሌላም አለ። በሳህኑ ላይ ባክቴሪያው ስኳር ጠግቦ ያድራል። በማሳ ላይ ግን እንዲህ ያለ ምግብ የሚያገኘው በሥር አጠገብ ብቻ ነው፤ ያንንም ከብዙ ተሻሚ ጋር። ከሳህኑ ቀጥሎ የሚመጣው የማሰሮ ሙከራም ይህን ችግር አይፈታውም፤ አፈሩ በእንፋሎት ተቀቅሎ ነባሩ ተሕዋሲ ሁሉ ከሞተ በኋላ የተመረጠው ባክቴሪያ ብቻውን ይገባል። ባላጋራ በሌለበት ማሸነፉ ምን ያስመሰክርለታል? በአንዳንድ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ የሞተ ዝግጅት የተሰጠው ማነጻጸሪያ ማሰሮ ስለማይኖር፥ ተክሉን ያሳደገው ባክቴሪያው ይሁን ባክቴሪያው የመጣበት ዱቄት መለየት አይቻልም።

ናይትሮጅን በሚይዙት የጥራጥሬ ባክቴሪያዎች በኩል ነገሩ የተሻለ ነው፤ እዚህ ላይ ከሳህኑ ወደ ማሳ የወጣ እውነተኛ ሥራ አለ። በሆላንድ የዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ መሪነት፥ በኢትዮጵያም በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም አስተባባሪነት ከ2014 እስከ 2019 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው ኤን ቱ አፍሪካ በተባለው ፕሮጀክት፥ እንዲሁም መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ በሚያዘጋጀው ምርት አማካይነት ባክቴሪያው በ125 ግራም ከረጢት ታሽጎ ለገበሬ ደርሷል። አንዱ ከረጢት ለሩብ ሄክታር፥ ማለት ለአንድ ጥማድ ገደማ የሚሆን ነው። ለአኩሪ አተር ኤም ኤ አር 1495፥ ለባቄላ ኤፍ ቢ 1035፥ ለቦሎቄ ኤች ቢ 429፥ ለሽምብራ ኢ ኤ ኤል 029 የተባሉት ዝርያዎች በሀገራችን ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሰብሎች ሁሉ በአንድ ዐይን የሚታዩ አይደሉም። አኩሪ አተር ለሀገራችን እንግዳ ነው፤ የገባው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው ይባላል። ከእርሱ ጋር የሚስማማው ባክቴሪያ በአፈራችን ውስጥ እንደ ልብ ስለማይገኝ ዘሩ ሳይለወስ ሲዘራ ብዙ ጊዜ ዕባጭ ሳያወጣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ ሲለወስ ደግሞ ልዩነቱ ከሩቅ ይታያል። ባቄላ ግን በጎጃም ደጋ ከጥንት ጀምሮ የሚዘራ በመሆኑ ባክቴሪያው በማሳው ውስጥ አስቀድሞ አለ። ከከረጢት የወጣው እንግዳ ከነባሩ ጋር ተሻምቶ በሥሩ ላይ ቦታ ማግኘት አለበት፤ አንዳንዴ ያገኛል፥ ብዙ ጊዜ አያገኝም። እንግዲህ በአኩሪ አተር የተገኘውን ውጤት ይዞ ስለ ባቄላ መመስከር አይገባም። በቡሬ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ የቅባት እህልና አኩሪ አተር ፈላጊ እንደ መሆኑ፥ በዚህ አካባቢ አኩሪ አተር የሚዘራ ገበሬ ከረጢቱን ቢጠቀም ይበጀዋል ብለን ያለ ማመንታት እንመክራለን። ስለ ጤፍና ስለ በቆሎ የሚወራው ግን ሌላ ነው፤ አዞስፒሪለምና አዞቶባክተር ለእነዚህ የሚያደርጉት እርዳታ ሥራቸው እንዲበዛ ማገዝ ነው እንጂ ጥራጥሬ ከዕባጩ እንደሚያገኘው ያለ የናይትሮጅን ቀለብ አይደለም። ዩሪያን ይተካል ብሎ ለበቆሎ ገበሬ መንገር ድፍረት ነው።

አሲዳሙ አፈር ባክቴሪያውንም አይምርም። ከሀገራችን የሚታረስ መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳም መሆኑ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ ምዕራብ ጎጃምና ጎረቤቱ አዊ ከተጎዱት ስፍራዎች መካከል ናቸው። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየሙ ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ያደነዝዛል፤ ባክቴሪያው ናይትሮጅን ለመያዝ የሚያስፈልገው ሞሊብዲነም ይታሰራል፤ ባክቴሪያውና ሥሩ የሚጠራሩበት ምልክትም ይደክማል። በእንዲህ ያለ ማሳ ላይ ኖራ ሳይገባ ከረጢቱን መስጠት በሬ ሳይጠመድ ዘር እንደ መበተን ነው። ልዩነቱ ግን የ125 ግራሙ ከረጢት በኪስ የሚገባ መሆኑ ነው። ኖራው ለአንድ ሄክታር በብዙ ኩንታል የሚቆጠር ስለ ሆነ መኪና ይጠይቃል፥ መንገድ ይጠይቃል፥ ተሸካሚ ይጠይቃል። ለምርምርም ሆነ ለሪፖርት ከረጢቱ የተመረጠው ስለ ቀለለ እንዳይሆን እንፈራለን።

ስለ ከረጢቱ አያያዝም አንድ ቃል እንበል። ገበሬው ዘር የሚታሽበትን ዱቄት የሚያውቀው «መድኃኒት» በሚል ስም ነው። መድኃኒት ደግሞ ተባይ ይገድላል እንጂ ራሱ አይሞትም፤ በጓዳ ቢሰነብት፥ ፀሐይ ቢነካው ግድ የለውም። ይህኛው ዱቄት ግን ሕያው ነው። በቆርቆሮ ጣራ ሥር በሚግል መጋዘን ከቆየ ይሞታል፤ ሞቶም መልኩ አይለወጥም። ፈንገስ ማጥፊያ በታሸ ዘር ላይ ቢለወስ ይሞታል፤ በስኳር ውሃ በጥላ ሥር ተለውሶ ወዲያው ተዘርቶ አፈር ካልለበሰም እንደዚሁ። ስኳር ራሱ ውድ በሆነበት በዚህ ዘመን ለዘር የሚሆን ስኳር ከየት ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ ጽሑፍ አላገኘንም። መሥራቱን ለማወቅ ግን ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ተክሉ ሲያብብ ሥሩን ከነአፈሩ ቆፍሮ አውጥቶ ዕባጩን በጥፍር መሰንጠቅ ነው፤ ውስጡ ሥጋ መሰል ቀይ ከሆነ ይሠራል፥ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም። ይህን የገበሬው ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሊያየው ይችላል።

ወደ ፈንገሱ እንለፍ። ጤፍ፥ በቆሎ፥ ዳጉሳ፥ ኑግ፥ በርበሬ ሁሉም ከማይኮራይዛ ጋር ይኖራሉ፤ የፈንገሱ ክሮች ሥር ከማይደርስበት ፎስፈረስ ያመጣሉ፥ ተክሉም በለውጡ ስኳር ይከፍላል። ፈንገሱ ያለ ሕያው ሥር ስለማይራባ በፋብሪካ ማዘጋጀቱ አስቸጋሪ ነው፤ በውጭ ሀገር ለገበያ ከወጡት ዝግጅቶች ሲመረመሩ ሕያው ፈንገስ ያልተገኘባቸው ብዙዎች ናቸው። ከሁሉ በላይ ግን ፈንገሱ በማሳው ውስጥ አለ። ለጤፍ አራት አምስት ጊዜ በማረሻ ሲገለበጥ ክሩ ይበጣጠሳል፤ የሚሟሟ ፎስፈረስ በብዛት ሲፈስስ ተክሉ ፈንገሱን መቀለብ ይተዋል፤ ጎመንዘር ሲዘራ ደግሞ የጎመን ዘር ሁሉ ይህን ፈንገስ ስለማያስተናግድ ያን ክረምት ጾሙን ያድራል። ነባሩን ድር በጣጥሶ ከሱቅ ድር ግዛ ማለት ምን ዐይነት ምክር ነው? የቡሬንና የወምበርማን በርበሬ ለሚያጠወልገው በሽታ ትሪኮደርማ የተባለውን ፈንገስ መሞከሩ ግን ተገቢ ነው፤ በአንድ ማሳ ላይ በርበሬ በበርበሬ ላይ እየተዘራ እስከ ቀጠለ ድረስ ብቻውን አያድነውም እንጂ።

አሁን ወደ ግብጦ እንምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ዋናው ነገር እርሱ ነው። ግብጦ በምዕራብ ጎጃምና በአዊ የታወቀ ነው። ፍሬው መራራ ስለ ሆነ ከብት አይነካውም፤ ስለዚህ አንዳንዱ ገበሬ በማሳ ዙሪያ እንደ አጥር ይዘራዋል። ሰው የሚበላው ከተቆላ ወይም ከተቀቀለ በኋላ በወራጅ ውሃ ለብዙ ቀናት ተዘፍዝፎ ምሬቱ ሲወጣለት ነው፤ አረቄም ይወጣዋል። የድኻ እህል እየተባለ ስሙ ዝቅ ብሏል። ገበሬው የሚዘራው ሌላው ሰብል እምቢ ባለበት በደከመው መሬት ላይ ነው፤ ብዙ እርሻ አይጠይቅም፥ ማዳበሪያም አይሰጠውም። እንዲህ ሆኖ ሳለ መሬቱ ለሚቀጥለው ሰብል ያገግማል ብሎ ገበሬው ያምናል፤ ለዚህ እምነቱም ምክንያት አለው።

ግብጦ በሥሩ ላይ ባክቴሪያ ይዞ ከአየር ናይትሮጅን ያገኛል፤ ባክቴሪያው ብራዲራይዞቢየም የሚባለው ሲሆን አሲዳም አፈርን ከባቄላው ባክቴሪያ ይልቅ ይችላል። ሌላው ጠባዩ ይበልጥ ያስደንቃል። ፎስፈረስ ሲያጥረው እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ጥቅጥቅ ያሉ አጫጭር ሥሮች ያወጣል፤ ከእነዚህም ሥሮች ሲትሬት በብዛት ወደ አፈሩ ይፈስሳል። ብረትና አሉሚኒየም የያዙትን ፎስፈረስ ለማስለቀቅ ያስፈልጋል ብለን ከላይ የጠቀስነው ነገር ይኸው ነው። ተማሪው ከፍኖተ ሰላም አፈር አስመጥቶ በሳህን ላይ የሚፈልገውን ሥራ አፈሩ በተቆፈረበት መንደር የሚበቅል ተክል ሲሠራው ይኖራል። በተማሪው ጽሑፍ ውስጥ ግን የግብጦ ስም፥ ከተነሣም፥ የአካባቢውን ሰብሎች በሚዘረዝረው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ብቻ ነው።

ግብጦን ለማወደስ ብቻ የተነሣን እንዳይመስል ችግሩንም እንናገር። ግብጦ ማይኮራይዛን ከማያስተናግዱት ጥቂት የጥራጥሬ ዐይነቶች አንዱ ነው። ስለዚህ የፈንገስ ከረጢት በግብጦ ላይ የሚሞክር ሰው ገንዘቡን ይጥላል። ከዚህም የሚከተል ጥያቄ አለ፤ ከግብጦ በኋላ የሚዘራው በቆሎ ግብጦ ያስለቀቀውን ፎስፈረስና የተወለትን ናይትሮጅን ያገኛል፥ በአፈሩ ውስጥ የሚጠብቀው ፈንገስ ግን አንድ ክረምት አስተናጋጅ አጥቶ የቆየ ነው። ከሁለቱ የትኛው ያይላል? በኑግ ላይ ከተዘራ በቆሎ ጋር ቢነጻጸርስ? ኑግ ፈንገሱን ያስተናግዳል፤ ከኑግ ቀጥሎ የሚዘራ እህል ያምራል የሚለውም የቆየ የገበሬ ልማድ ነው። ይህ ከሌላ ሀገር የተቀዳ ጥያቄ አይደለም፤ ግብጦና ኑግ በአንድ መንደር ጎን ለጎን የሚዘሩበት ሰው ሊመልሰው የሚገባ የጎጃም ጥያቄ ነው።

ጊዜውም ይቸኩላል። ቢኤች 660 እና ከእርሱ በኋላ የመጡት የበቆሎ ምርጥ ዘሮች በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬና በሜጫ ሜዳ ከተስፋፉ ወዲህ በቆሎ በበቆሎ ላይ የሚዘራበት ማሳ በዝቷል። ገበሬውን አንወቅስም፤ ከአንድ ጥማድ የሚያገኘው በቆሎ ከግብጦው ጋር አይወዳደርም፥ መሬቱም ለማፈራረቅ ጠብቦታል። ነገር ግን ማፈራረቁ በቀረ ቁጥር ዩሪያው ይጨምራል፤ ዩሪያው ደግሞ ናይትሮጅን ቢሰጥም ዓመት በዓመት ሲፈስስ አፈሩን ይበልጥ አሲዳም ያደርገዋል። እንግዲህ ከረጢቱ እንዲያድነው የሚጠራው ማፈራረቁ ሲቀር የታመመ ማሳ ነው።

ገበሬው ራሱ ያወጣው መፍትሔ በአዊ በፋግታ ለኮማ ታይቷል። በዚያ አሲዳሙ መሬት እህል እምቢ ሲል ዲከረንስ የተባለውን የአውስትራሊያ ግራር ተከሉበት፤ ዛፉም በሥሩ ናይትሮጅን ይይዛልና ጥቂት ዓመት ቆይቶ ተቆርጦ ከሰል ሲሆን በቦታው እህል ይዘራል። ባክቴሪያ ለውሱ ብሎ ያዘዛቸው አልነበረም። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት ዝገት የሚባል የፈንገስ በሽታ ገብቶ ያን ሁሉ ዛፍ ክፉኛ ጎድቶታል፤ አንድ ተክል ብቻ በሰፊው መትከል የሚያመጣውን አደጋ የበቆሎው ሜዳ ሊያየው ይገባል።

ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ከባድ አይደለም። ፎስፈረስ የሚያሟማ ባክቴሪያ የሚፈልግ ተማሪ ከካልሲየሙ ጎን የብረትና የአሉሚኒየም ፎስፌት ሳህን ይጨምር። ማሰሮ የሚጠቀም ያልተቀቀለ የማሳውን አፈር ይጨምር፥ የሞተ ዝግጅት የተሰጠውንም ማነጻጸሪያ አይርሳ። በማሳ ደረጃ አንዱ መደብ ምንም ያልተሰጠው፥ ሁለተኛው ባክቴሪያ ብቻ፥ ሦስተኛው ዩሪያ፥ አራተኛው ኖራና ባክቴሪያ፥ አምስተኛው ባለፈው ዓመት ግብጦ፥ ስድስተኛው ባለፈው ዓመት ኑግ የተዘራበት ይሁን። ከረጢቱ ከግብጦው መብለጡን የሚያሳይ ተማሪ ቢገኝ በዚህ መጽሔት ላይ ደስ ብሎን እናነበዋለን።

ለዚህ ሁለት ዓመት ያስፈልጋል፤ አንድ ተማሪ ደግሞ ለመመረቂያ ጽሑፉ ሁለት ክረምት አያገኝም የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን። መደቡን የከፈተው ተማሪ ግብጦውንና ኑጉን ዘርቶ መዝገቡን ያስረክብ፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ በቆሎውንና አኩሪ አተሩን ዘርቶ ይለካ። ስሙ ከሁለቱም ጽሑፍ ላይ ይግባ። አንድ ማሳ በፍኖተ ሰላም፥ አንድ ማሳ በቡሬ ዙሪያ ከፈቃደኛ ገበሬ በኪራይ ቢገኝ ይበቃል፤ የአዴት የግብርና ምርምር ማዕከልም በዚያው በጎጃም ስለሚገኝ አፈሩን ለማስመርመር ሩቅ አይደለም። ኖራው ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ወር በአፈሩ ውስጥ መቆየት ስለሚገባው፥ የትምህርት ክፍሉ ውሳኔ ከሚያዝያ ባያልፍ መልካም ነው።